ድንጋይ ከአባት ወደ ልጅ

ከደብረ ብርሃን ተነሥተን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አንኮበር ስንጓዝ አጥሩም፣ በረቱም፣ ቤቱም ድንጋይ ነው። ደጋው ብርዳም፣ እንጨቱም እምብዛም በመሆኑ በተለይ በመንዝ ሰው ቤቱን በድንጋይ ሠርቶ ይኖራል። ታዲያ ጠራቢው ማነው ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

ሙያው የሚተላለፈው በቤተሰብ ነው። ልጅ መጀመሪያ መዶሻ አይሰጠውም፤ ውኃ ያቀብላል፣ ፍንካች ይለቅማል፣ ያዳምጣል። ማዳመጥ ያልነው በዋዛ አይደለም። ጤነኛ ድንጋይ በመዶሻ ጫፍ ሲነካ እንደ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ይታፈናል። ቀጥሎ የድንጋዩን መስመር መለየት ይማራል። ሽብልቁ በመስመሩ ከገባ ትልቁ ቋጥኝ ይከፈላል፤ ከመስመሩ ከወጣ የቀኑ ድካም ፍርስራሽ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ የሚከብደው ወፍጮ ነው። የሚመረጠው ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ እያለቀም ቢሆን የቀዳዳዎቹ ጠርዝ እህሉን ይነክሳልና። ወፍጮውና መጁ ሲለሰልሱ እህሉ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ እንደገና ይወቀራሉ። ወቀራው ከበዛ ዱቄቱ ውስጥ ጠጠር ይገባል፤ ካነሰ ደግሞ የእናቶቻችን ወገብ ይጎብጣል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ የውኃ ወፍጮ ቢሠራም ካህናት ስለ ተቃወሙት ብዙ አልቆየም፤ የሸዋ እናት በመጇ ቀጠለች።

በኋላ የሞተር ወፍጮ መጣና እናቶች ተገላገሉ፤ ደግ ሆነ። የወቃሪው ገበያ ግን ቀዘቀዘ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ኮብልስቶን በየከተማው ሲነጠፍ ብዙ ወጣት መሮና መዶሻ ጨብጧል። ሆኖም የመንገድ ድንጋይ መጥረብ በአጭር ሥልጠና ይገኛል፤ ድንጋይ ማዳመጥ ዓመታት ይፈልጋል።

አንድ የሚያስቆጨን ነገር አለ። ከእኛ ከእጩ መምህራን መካከል የጠራቢ ልጆች አለን፤ የአባታችሁ ሥራ ምንድን ነው ስንባል «ገበሬ ነው» ብለን የመለስንም አለን። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ «ጠይብ» እየተባሉ ሲናቁ በኖሩበት አገር ጠራቢውም ከንቀቱ ድርሻውን አላጣም። ዱቄቱን ግን ሁሉም በልቶታል እኮ! አሁን አባቶቻችን ደክመዋል፤ መዶሻውን የሚረከብ የለም፣ እኛ ጠመኔ ይዘናል።

ለአካባቢ ሳይንስ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ይሆናሉ ብለን ከየቤታችን አንድ አሮጌ መጅና አንድ መውቀሪያ አምጥተናል፤ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ጠረጴዛው ላይ ናቸው። መጁን በመውቀሪያው ጫፍ ነካ አድርጋችሁ አድምጡት።