ውሃውን ተከትሎ በእግር፦ ከነገሌ ቦረና እስከ ሜጋ

ሁለተኛ ዓመት ሳለን አንድ መምህራችን የጃፓንን የግንብ ከተሞች በስላይድ አሳይተውን ነበር። ሂሜጂን፣ ሂኮኔን አየን። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ከተማ «ጆካማቺ» ይሉታል፤ ከግንቡ ሥር ያለ ከተማ ማለት ነው። ጌታው ከላይ ግንቡ ውስጥ፣ ሳሙራዮቹ በዙሪያው፣ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ራቅ ብሎ ይኖራል። መንገዱም ጠላት በቀጥታ እንዳይገሰግስ ሆን ተብሎ ይጠማዘዛል። በመኪና የሄደ ሰው ይህን ልብ አይለውም፤ በእግሩ የሄደ ግን ከመታጠፊያው ብዛት ብቻ ከተማው ለጦርነት የተሠራ መሆኑን ይረዳል።

ከዚያ የቤት ሥራው መጣ፦ «የየአገራችሁን ከተማ በእግር የሚያስጎበኝ መንገድ አዘጋጁ።» የጎንደር ልጆች ተዝናኑ፤ የፋሲል ግንብ አላቸው። የሐረሮቹም ጀጎል አላቸው። እኔ የነገሌ ልጅ ነኝ። ምን ላሳይ?

መፍትሔውን ያገኘሁት «ከተማ» ከሚለው ቃል ነው። ዛሬ ሱቅና አስፋልት ያለበትን ቦታ እንልበታለን እንጂ፣ ቀደም ሲል ቃሉ ጦር የሰፈረበትን ቦታ ያመለክት ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ የዘመተው ጦር ከፍ ያለ ቦታ እየመረጠ ይከትም ነበር፤ ሹሙ ከላይ፣ ወታደሩ በዙሪያው፣ ገበያው ከታች። ቦረናን ያስተዳድሩ የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ የምንሻገረው ድልድይ ስማቸውን ይዟል። እንግዲህ ጆካማቺ የሚባለው ነገር እኛም ዘንድ አለ ማለት ነው። የጎደለው ግንቡ ብቻ ነው።

በእረፍት ጊዜ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ነገሌ ገባሁ። በሻሸመኔና በክብረ መንግሥት በኩል ነው። ደኑ እየሳሳ ሄዶ ግራር ብቻ ሲቀር ቆላው መድረሱን ታውቃላችሁ። በማግስቱ ማለዳ አንድ ጎረቤታችንን፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ «ጋሼ፣ ከተማውን በእግር ያሳዩኝ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «እዚሁ ተወልደህ እኔ ላሳይህ?» አሉኝ። ግን ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

ለሚመጣ ጎብኚ ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። አንደኛ፣ ወታደር ባለበት አካባቢ ካሜራ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ቦረናና ጉጂ ምድር ላይ ሰላምታ ሳይሰጡ ጥያቄ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሰዉ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሁሉ ሰላም መሆኑ ተጠይቆ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። ጋሼ በየደጁ ሲቆሙ እኔ መጀመሪያ ሰዓቴን አይ ነበር። በኋላ ተውኩት።

እኔ የጠበቅሁት ሕንጻ እንዲያሳዩኝ ነው። እሳቸው ግን ያወሩኝ ስለ ውሃ ነው። ቦቴ የት ይቆም እንደነበር፣ ጀሪካን የት ይሰለፍ እንደነበር። «ግንቡ ይሄ ነው» አሉኝ፤ «ውሃውን የያዘ ከተማውን ይዟል።» ያን ጊዜ የ1966ቱ ታሪክ ትዝ አለኝ።

በክፍል የተማርነው በአንድ መስመር ነው፦ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈረው 4ኛ ብርጌድ አመፀ። ምክንያቱ ግን በዝርዝር ሊነገር የሚገባው ነው። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ተራው ወታደር ከዚያ እንዲቀዳ ሲጠይቅ ከለከሉት። ወታደሮቹ መኮንኖቹን አሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦሩን አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ፤ እሳቸውንም ያዙና ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ አደረጓቸው። ጄኔራሉ ታመሙ። በየካቲት አመፁ ወደ ደብረ ዘይትና ወደ አሥመራ ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ለአብዮቱ መነሻ የሆነው የነገሌ ውሃ ብቻ ነው አልልም፤ የወሎ ረሃብ አለ፣ የነዳጅ ዋጋ አለ፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ አለ። ነገር ግን ወታደሩ መጀመሪያ እምቢ ያለው እዚህ፣ በእግር በምንዞረው ከተማ ነው።

ጋሼ ያኔ ገና አልተቀጠሩም፤ ከነባሮቹ ነው የሰሙት። እንዲያውም ስለ ጄኔራሉ ሲያወሩ ያዝናሉ። «ሽማግሌ ሰው» ይላሉ።

ከዚያ በፊትም ጥም እዚህ አገር ጦር ፈትቷል። በጥር 1928 ዓ.ም. ግራዚያኒ ከዶሎ ተነስቶ በገናሌ ዶሪያ በኩል በመኪና ሲገሰግስ የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት በረሃብና በጥም ተዳክሞ ነበር፤ ወደ ወንዝ የወረደው በመትረየስ ተመታ። ነገሌ በዚያው ወር ተያዘች። ግራዚያኒም በኋላ «የነገሌ ማርኪስ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። እንዴ! ለዚህች ከተማ ጌታ የተሾመላት ሮም ላይ ነው፤ እሷ ሳትጠየቅ።

እውነተኛ ምሽግ ማየት የፈለገ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ያቤሎ ይግባና የሞያሌን መንገድ ይያዝ። እኔም ይህንኑ አደረግሁ። መጀመሪያ ደብሉቅ ይገኛል፤ ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች አንዱ እዚያ ነው። ሰዎች ደረጃ በደረጃ ቆመው እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስነው አባ ሄሬጋ ነው፤ ተራ አለ፣ ሕግ አለ። የተጠማ መንገደኛ ግን ለጉሮሮው አይከለከልም። ይህን አይቼ ስለ መኮንኖቹ ጉድጓድ አሰብኩ፤ አጥሩ የተሠራው ይህ ሕግ በሚሠራበት አገር ነው።

ሜጋ ከዚያ ቀጥላ ትገኛለች፤ ከሞያሌ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጣሊያን የሠራው ምሽግ ፍርስራሽ አለ። የደቡብ አፍሪካ ጦር በየካቲት 1933 ዓ.ም. በብርድና በዝናብ ተዋግቶ ከጣሊያን ነጠቀው። ሜጋ ደጋማ ስለሆነች ቆላ ነው ብሎ ያለ ጃኬት የሄደ ይቆጨዋል፤ እኔ ተቆጭቻለሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን በላሁና ግድግዳውን በእርምጃዬ ለካሁ። ለቤት ሥራዬ የሚሆን ግንብ በመጨረሻ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ነገሌ ተመልሼ ለጋሼ የሣልኩትን ንድፍ አሳየኋቸው። በር የመሰለኝን፣ የተኩስ ቀዳዳ የመሰለኝን አንድ በአንድ አስረዳሁ። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጥሩ ነው» አሉኝ። «ውሃውንስ ከየት ነበር የሚቀዱት?»

ንድፉ ላይ አልነበረም። ጠይቄም አልነበረም።