ጉልቻ ሲሮጥ

ጉልቻ ሦስት የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሦስት ድንጋይ በተዳፋትም ሆነ በጎርባጣ መሬት ላይ ድስቱን ሳያወዛውዝ ይይዛል። አራተኛ ድንጋይ ከተጨመረ ግን ከአራቱ አንዱ ያጥራል ወይም ይረዝማል፣ ድስቱም ይንገጫገጫል። የጅማ በርጩማ በሦስት እግሩ ባልተስተካከለ ወለል ላይ ረግቶ የሚቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ በራሱ መንገድ እዚሁ ብልሃት ላይ ደርሶ ሞተር ገጠመለት። ጉልቻው ሲሮጥ ምን እንደሚሆን የታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከገበያ ነው። የሆንዳን ሞተር ሳይክል በአሜሪካ የሚሸጡ ነጋዴዎች በረዶ ሲወርድ ገዢ ያጡ ነበር። በብርዱም ወራት የሚሸጥ ነገር እንዲሠራላቸው ኩባንያውን ጠየቁ። ሥራው የተሰጠው ያ መሐንዲስ፣ ኦሳሙ ታኬኡቺ፣ ከሁለት ጎማ አንሥቶ እስከ ስድስት ድረስ ሞከረ። በበረዶ፣ በጭቃና በአሸዋ ላይ የተሻለው ባለ ሦስቱ ሆነ። ያለው ሞተር 7 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስለነበረ ክብደት መቀነስ ነበረበት፤ ሦስት ጎማ ደግሞ ሞላ ባይኖረውም ሁሉም መሬት ይነካል። ባለ አራቱ ያለ ሞላ ቢሠራ አንድ እግሩ እንዳጠረ ጠረጴዛ አንዱን ጎማ አየር ላይ ያንጠለጥላል፤ ሞላ ቢገጠምለት ደግሞ ክብደቱም ዋጋውም ይጨምራል።

በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዩኤስ 90 የተባለው ሞተር በ595 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ኋላ ኤቲሲ 90 ተብሏል። ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት እንደ ፊኛ ያበጡ ጎማዎች ነበሩት። የመኪና ጎማ በ30 ፒኤስአይ ገደማ ሲነፋ የእነዚህ ዓይነቶቹ ከ2 እስከ 4 ይበቃቸዋል። ስለዚህ ጎማው ራሱ ሞላ ነው፤ ድንጋይ ሲያገኝ ይሰረጎዳል፣ ጭቃ ሲያገኝ ተንጣሎ ይንሳፈፋል። በ1971 ጄምስ ቦንድ በፊልም ሲነዳው ደግሞ ዝናው ተስፋፋ። ያማሃና ካዋሳኪም የየራሳቸውን ባለ ሦስት እግር ሞተር ይዘው መጡ።

ባለ ሦስቱ በብዙ ነገር ጎበዝ ነው። ቀላል ስለሆነ ጭቃ ውስጥ ቢሰምጥ ሁለት ሰው አንሥቶ ያወጣዋል። ፊቱ ላይ አንድ ሹካና አንድ ጎማ ብቻ ስላለው የሚበላሽበትም ጥቂት ነው። በጠባብ ቦታ ዞሮ ይመለሳል። በዝግታና በለጥ ባለ ሜዳ ላይ ሲነዳ ደግሞ እንደ ጉልቻው የረጋ ነው።

ችግሩ መታጠፊያ ላይ ነው። አንድ ስሌት እንሥራ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል 80፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ አክስል 120 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ነጂው ተቀምጦበት የክብደቱ መሀል ከፊት ጎማው 72 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይረፍ። ሞተሩ ባለ አራት ጎማ ቢሆን ከክብደቱ መሀል ወደ ጎን እስከ መገልበጫው ጠርዝ 40 ሴንቲ ሜትር አለ። ባለ ሦስት ሲሆን ግን የጎማዎቹ ቅርጽ ወደ ፊት የሚሾል ሦስት ማዕዘን ስለሆነ እዚያው ቦታ ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል። ነጂው እየታጠፈ ፍሬን ቢይዝ ደግሞ ጭነቱ ወደ ፊት፣ ወደ ሾለው ጫፍ ይሸሻል። ከፊት ጎማው 48 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ያህል ከሆነ የቀረችው 16 ሴንቲ ሜትር ናት። ፍሬን ሊያድነው በሚገባበት ሰዓት መገልበጫውን ያቀርብበታል ማለት ነው።

የኋላ አክስሉም የራሱ ጣጣ አለው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ በአብዛኛው ዲፈረንሻል የለም፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ይዞራሉ። በመታጠፊያ ላይ የውጪው ጎማ ረጅም፣ የውስጡ አጭር መንገድ ስለሚሄድ አንዱ መንሸራተት ግድ ይለዋል። ሁለቱም መሬት ከነከሱ አንዲቷ የፊት ጎማ ጉልበት አንሷት መሪው ወዲያ ሲዞር ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ያወቀ ነጂ ሰውነቱን ወደ መታጠፊያው ውስጥ እያዘነበለ የውጪውን እግር መርገጫ ጠንክሮ ይጫናል፤ የውስጡን ጎማ አቅልሎ እንዲንሸራተት ያደርገዋል። ካልለመደ ሰው ይህ አይጠበቅም። የሞተር ሳይክል ልማድ ያለው ደግሞ ሲንገዳገድ እግሩን መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ከኋላው የሚመጣው ሰፊ ጎማ ያንኑ እግር ይዞ ይወጣበታል።

መንገዱ ራሱም አያግዘውም። መኪና የቦረቦረው ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ ባለ አራቱ ጎማዎቹን በሁለቱ ቦዮች ውስጥ አድርጎ ይጓዛል፤ የፊቱ በከፈተው ፈለግ የኋላው ይከተላል። የባለ ሦስቱ የፊት ጎማ ግን በመሀሉ ጉብታ ላይ ሦስተኛ ፈለግ ይከፍታል። ባለ አራቱ በጎማዎቹ መካከል የሚያሳልፈውን ድንጋይ እሱ ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

ሱዙኪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኳድራነር 125 የተባለውን ባለ አራት ጎማ አመጣ። ሞተሮቹ ጉልበት እየጨመሩ፣ ሞላና አሞርቲዘርም እየተገጠመላቸው ሲሄዱ የታኬኡቺ የመጀመሪያ ምክንያት ጠፋ። 7 የፈረስ ጉልበት ላለው ሦስት ጎማ ጥበብ ነበር፤ ፍጥነት ሲመጣ ግን ጥበቡ አደጋ ሆነ። የተጎዱትና የሞቱት በረከቱ፤ ብዙዎቹም ልጆች ነበሩ። በ1987 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት አምራቾቹን ከሰሰ። በ1988 ጉዳዩ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት አለቀ፤ ኩባንያዎቹ አዲስ ባለ ሦስት እግር መሸጥ አቆሙ፣ ገዢዎችን በነፃ ለማሠልጠንም ግዴታ ገቡ። ስምምነቱ ለ10 ዓመት ነበር። በ2008 የወጣው ሕግ ደግሞ አዲስ ባለ ሦስት እግር ወደ አገሪቱ ማስገባትንና መሸጥን ከለከለ። በሰው እጅ ያሉት አልተወሰዱም፤ ዛሬም አሮጌዎቹን እያደሱ የሚነዱ አፍቃሪዎች አሏቸው።

ይህ ማለት ባለ አራቱ ሰው አይጎዳም ማለት አይደለም። ገደላገደል ላይ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥ ደግሞ ከበድ ስለሚል ከሥሩ የወደቀውን ሰው ይጨፈልቃል። በሥልጠናና በራስ ቁር ፋንታ አራተኛ ጎማን መተማመን አያዋጣም። ቢሆንም ለፈጣን ጉዞ፣ ለጎን ተዳፋትና ለጀማሪ ሰው ፍርዱ ግልጽ ነው፦ ባለ አራቱ ይበልጣል። ባለ ሦስቱ የሚበልጠው በቅለት፣ በዋጋና በቀላል አሠራር ነው።

ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ባጃጃችን ዲፈረንሻል ቢኖረውም፣ ከጭቃ ሜዳ ይልቅ በኮብልስቶን ላይ ቢሮጥም፣ ቅርጹ ያው ወደ ፊት የሚሾለው ሦስት ማዕዘን ነው። ተሳፋሪዎቹ ከኋላ፣ በሰፊው በኩል መቀመጣቸው ይጠቅመዋል። ትርፍ ሰው ከሾፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫ ሲጫን ግን ክብደቱ ወደ ጠባቡ ጫፍ፣ ያውም ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ሾፌሩ “ጠጋ በል፣ ይበቃል” ብሎ ከጎኑ ቦታ ሲያሳይዎ ያቺን 16 ሴንቲ ሜትር ያስታውሱና የሚቀጥለውን ባጃጅ ይጠብቁ።