ስለ ካሊፎርኒያ ፊሊፒናውያን

በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ፊሊፒናውያን ቀደምት ስደተኞቻቸውን «ማኖንግ» ይሏቸዋል፤ በኢሎካኖ ቋንቋ እንደ እኛ «ጋሼ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ማኖንጎቹ በተለይ ከ1920 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ወዲህ ለእርሻ ሥራ የመጡ ወጣቶች ሲሆኑ፥ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። አገራቸው በአሜሪካ ሥር ስለ ነበረች የሚከለክላቸው አልነበረም። ዳሩ ግን የተፈለገው ጉልበታቸው እንጂ ትዳራቸው አልነበረም። የካሊፎርኒያ ሕግ በ1933 ከነጭ ሴት ጋር እንዳይጋቡ አገዳቸው፤ ፍርድ ቤት የሻረው በ1948 ነው። የ1934ቱ ሕግ ደግሞ ከፊሊፒንስ የሚገባውን ስደተኛ በዓመት 50 ሰው ብቻ አደረገው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሳያገቡ አረጁ።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1965 በዴላኖ የወይን ለቃሚዎችን አድማ የጀመሩት እነዚሁ፥ በላሪ ኢትሊዮንግ የተመሩ ሰዎች ናቸው። ዝናው ግን ቀጥሎ ለተባበራቸው ለሴዛር ቻቬዝ ሆነ፤ ይህም ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። በ1974 ለጡረተኞቹ የአግባያኒ መንደር ተሠራላቸው።

በ1965 የወጣው የስደተኞች ሕግ ቤተ ሰብንና ባለሙያን አስገባ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ነርሶች ናቸው። ዛሬ በአሜሪካ የፊሊፒንስ ተወላጆች ከ4 ሚሊዮን ይበልጣሉ።