ቪዛው ቢያልቅ ቆይታው አያልቅም

በጅማና በአጋሮ፣ ልጃቸውን ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሰደዱ ወላጆች፣ ፓስፖርቱ ላይ የታተመው ቪዛ የ3 ወር ብቻ መሆኑን ባዩ ጊዜ ልጃችን በ3 ወር ይባረራል ብለው ሲጨነቁ ደጋግሜ ስለ ሰማሁ (ጥያቄው ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው የቡና ስኒ በፊት ይመጣል)፣ ነገሩን ከሥሩ ላብራራው።

ቪዛ የደጅ ማለፊያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን አብዛኛውን ጊዜያዊ ቪዛ ለ3 ወርና ለአንድ መግቢያ ሲወስነው፣ ያሳጠረው የመግቢያውን ዘመን እንጂ የቆይታውን አይደለም፤ ቆይታውን የሚወስነው አይ-94 የተባለው የመግቢያ መዝገብ ሲሆን፣ በዚያም ለተማሪውና ለተጋባዡ ሊቅ፣ ቁርጥ ቀን ሳይጻፍበት፣ ትምህርቱ ወይም ምርምሩ እስኪፈጸም መቆየት ሲፈቀድ ኖሯል።

ዳሩ ግን በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ረቂቅ ደንብ፣ ይህን ልማድ ሽሮ ቆይታው ከ4 ዓመት እንዳይበልጥ፣ የሚበልጥበትም ማራዘሚያ እንዲጠይቅ የሚያዝዝ ነው፤ የዶክትሬት ጥናት ብዙ ጊዜ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ ቀላል ሸክም አይሆንም።

ዛሬ የጅማ ልጅ ለትምህርት አሜሪካ ለመቆየት ይህን ያህል ሲጨነቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የጅማን የእርሻ ትምህርት ቤት ለማቋቋም የረዱት ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን እንደ ነበሩ ሳስብ ያስደንቀኛል።

አሁን የሚከብደው የአንድ መግቢያው ነገር ነው፦ ለእናቱ ለቅሶ ጅማ የመጣ ተማሪ፣ ሊመለስ ሲሻ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ቪዛውን እንደ አዲስ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።