ዝልግልግ ሻጋታዎችን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ስለ መመደብ

በዝናብ ወራት በበሰበሰ ግንድ ወይም በረገፈ ቅጠል ላይ እንደ ፈሰሰ ገንፎ ተዘርግቶ የሚታይ ቢጫ ወይም ነጭ ነገር አለ። ይህ ፍጥረት ዝልግልግ ሻጋታ፣ በሳይንስ ስሙም ሚክሶሚሴት ይባላል። ስሙ ሻጋታ ይሁን እንጂ በዛሬው አመዳደብ ከአሜባ ወገን ነው። ባክቴሪያ እየበላ ቀስ ብሎ ይጓዛል፤ በመጨረሻም ጥቃቅን ራሶች ያወጣል፤ በራሶቹም ውስጥ ስፖር የሚባለው የዘር ብናኝ ይገኛል። እስከ አሁን የታወቁት ዓይነቶች አንድ ሺህ ያህል ናቸው።

ታዲያ አንዱን ከሌላው በምን እንለየዋለን? የውጭ መልክ ብቻውን አይበቃም፤ የማይዛመዱ ዓይነቶች ሊመሳሰሉ ይችላሉና። ስለዚህ መርማሪው ሦስት ነገር ይጠይቃል።

አንደኛ፤ የስፖሩ ቀለም ምን ዓይነት ነው? ስፖሩ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ማይክሮሜትር ስፋት አለው። በብርሃን ሲታይ ሐምራዊ ቡናማ ከሆነ ከጥቁሮቹ፣ ቢጫ ወይም ቀለም አልባ ከሆነ ከብሩሆቹ ክፍል ነው።

ሁለተኛ፤ በስፖሮቹ መካከል ያሉት ክሮች እንዴት ያሉ ናቸው? የትሪኪያ ክሮች እንደ ተገመደ ገመድ የተጠመዘዙና እያንዳንዳቸው የተለያዩ ናቸው፤ የሄሚትሪኪያ ክሮች ግን እንደዚሁ ቢጠማዘዙም እርስ በርሳቸው ተያይዘው መረብ ይሠራሉ።

ሦስተኛ፤ ኖራ አለበትን? ፊሳረም በክሮቹ ላይ የኖራ ቋጠሮ አለው። የዲዲሚየም ክሮች ኖራ የላቸውም፤ ልባሱ ላይ ግን እንደ ኮከብ ያሉ የኖራ ብርጭቆዎች ይታያሉ።

እኔ ራሴ የሳትኩት በዚህ በሦስተኛው ነው። ሻጋታ የሚለውን ስም አምኜ፣ ናሙናውን እንደ እውነተኛ ሻጋታ በላክቶፌኖል አራስሁት። በማይክሮስኮፕ ስመለከተው ኖራ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ኖራ ከሌላቸው ከእነ ስቴሞኒቲስ ወገን ነው ብዬ ጻፍሁ። ነገር ግን ላክቶፌኖል አሲድ አለበት፤ አሲድም ኖራን ያሟሟል። የቀረውን ናሙና በደረቁ ስመረምር ከዋክብቱ ታዩኝ፤ ዲዲሚየም ነበር። ማስረጃውን ያጠፋሁት በገዛ እጄ ነበርና ስሙን ሰርዤ እንደ ገና ጻፍሁ። ስም ከተሳሳተ በእርሱ ላይ የሚመሠረተው ጥናት ሁሉ ይሳሳታል።

ይህን አመዳደብ በጽኑ መሠረት ላይ ያቆመው ፖላንዳዊው ዮዜፍ ሮስታፊንስኪ ነው። በስትራስቡርግ የአንቶን ደ ባሪ ተማሪ ሳለ፣ በ1873 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ድርሰቱን ሲያወጣ ዕድሜው 23 ዓመት ገደማ ነበር። በዘመናችን የተደረገው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ በዝርዝሩ አንዳንድ ወገኖችን ከቦታቸው ቢያዛውርም፣ የጥቁርና የብሩህ ስፖር ዋና ክፍፍል በጠቅላላው ትክክል መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ ናሙና የሚሰበስብ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ በደረቁ ይመልከት፤ ከዚያ በኋላ ያርስ፤ ስሙን በመጨረሻ ይጻፍ።