የአብያታ ውሃ የማን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ ስንሄድ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን በስተግራችን ላንጋኖ፣ በስተቀኛችን ደግሞ አብያታና ሻላ የሚባሉ ሐይቆች ይገኛሉ። ላንጋኖን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የሚዋኝበት ነው። የሻላም ጥልቀት ይወራል። አብያታን ግን ከአካባቢው ሰው በቀር በስሙ የሚያነሣው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው እሱን ነው። በዚህ ሐይቅ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ክርክር ሲካሄድ ቆይቷል። አንዱ ወገን «ቦታው የአራዊትና የአእዋፍ መኖሪያ ነው፣ አይነካ» ይላል። ሌላው «ውሃው ሀብት ነው፣ አገር ይጠቀምበት» ይላል። ሁለቱም ለአገር አሳቢዎች ነን ባይ ናቸው። በመካከላቸው ደግሞ ከሁለቱም በፊት እዚያ የነበረ፣ ከብቱን በሐይቁ ዳር የሚያሰማራ ሕዝብ አለ።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እናሳስብ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ ለመመለስ 7 ወይም 8 መቀነስ ነው።

ክርክሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች፣ የካታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች ይነሣሉ። ሁለቱም ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ ደንበልም ይባላል። ዝዋይ ሲሞላ ትርፉ ቡልቡላ በሚባል ወንዝ ወደ ደቡብ ይወርድና አብያታ ይገባል። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አብያታ ደግሞ ወደ 1,580 ሜትር ነው። ስለዚህ ውሃው ማንም ሳይገፋው ቁልቁል ይሄዳል። ከላንጋኖም አንድ አነስተኛ ወንዝ ወደ አብያታ ይፈሳል።

አብያታ ከገባ በኋላስ ወዴት ይሄዳል? የትም አይሄድም። አብያታ መውጫ ወንዝ የለውም። ውሃው ከዚያ የሚወጣው ፀሐይና ነፋስ ወደ አየር ሲያተኑት ነው።

ይህን በሳፋ እናስመስለው። በሳፋ ውሃ ሞልተን ፀሐይ ላይ ብናስቀምጠው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ጠዋት ጠዋት የቀነሰውን ያህል ብንጨምርበት እንዳለ ይቆያል። መጨመሩን ትተን ዝም ካልን ግን ይደርቃል። የአብያታም ነገር እንዲሁ ነው። ከቡልቡላና ከዝናብ የሚገባው፣ በትነት ከሚወጣው ጋር እኩል ሲሆን ሐይቁ ይቆማል። ሲያንስ ይሸሻል። በዝናብ ምክንያት ከፍና ዝቅ ማለቱ ድሮም የነበረ ነው። ዓመቱ መልካም ሲሆን ደግሞ ተመልሶ ይሞላ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። አብያታ ጥልቅ አይደለም። ጎረቤቱ ሻላ እጅግ ጥልቅ በሚባልበት ስፍራ 266 ሜትር ይወርዳል፤ አብያታ ግን ድሮ በደህናው ዘመን እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አልዘለለም። ሻላ ጋን ነው ብንል፣ አብያታ ትሪ ነው። ከጋን አንድ ጣሳ ቢቀዱ አይታወቅም። ከትሪ ላይ አንድ ጣሳ ሲቀዱ ግን የትሪው ጠርዝ ደረቅ ሆኖ ይታያል። አብያታም ትንሽ ሲጎድል ዳርቻው ብዙ መቶ ሜትር ይሸሻል።

ውሃው ሲቀንስ ጨውና ሶዳው አብረው አይቀንሱም። ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ ውሃው እየተነነ ጨው እንደሚበዛበት ሁሉ፣ ሐይቁም እየመረረ ይሄዳል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ አንባቢያችን ይህችን ነጥብ ይያዝልን።

አሁን ወደ አእዋፉ እንምጣ። በአብያታና በሻላ አካባቢ ከ400 በላይ የወፍ ዓይነቶች ታይተዋል። ሁለቱን ብቻ እንውሰድ። አንደኛው ፍላሚንጎ ነው፤ እግሩ ቀጭንና ረጅም፣ ላባው ሮዝ ቀለም ያለው ወፍ። የፍላሚንጎ ትንሹ ዘር ምግቡ ዓሣ አይደለም። ሶዳ ባለበት ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን፣ በዓይን የማይታይ አረንጓዴ ዋቅላሚ በመንቆሩ እያጠለለ ይበላል። ሁለተኛው ፔሊካን የሚባለው፣ ከመንቆሩ ሥር ከረጢት የተንጠለጠለለት ትልቅ ነጭ ወፍ ነው። የሱ ምግብ ዓሣ ነው።

የፔሊካኑ ኑሮ ይገርማል። እንቁላሉን የሚጥለው ሻላ ውስጥ ባለች ደሴት ነው። ጅብና ቀበሮ ዋኝተው ስለማይደርሱበት ጫጩቶቹ እዚያ ደህና ናቸው። ነገር ግን ሻላ ለሱ የሚበቃ ዓሣ የለውም። ስለዚህ ረፋዱ ላይ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ፣ ወደ ላይ በሚወጣው ሞቃት አየር እየተንሳፈፈ ሁለቱን ሐይቆች የሚለያየውን ከፍታ ይሻገርና አብያታ ይወርዳል። እዚያ ቆሮሶ ዓሣውን አጥምዶ ለጫጩቶቹ ይመለሳል። አንዱ ሐይቅ ቤቱ፣ ሌላው ማዕድ ቤቱ ነበር ማለት ነው።

እነዚህን ሐይቆች ለመጠበቅ ተብሎ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። በወረቀት ላይ ድንበር ተሰመረ። ከብት አርቢው የአርሲ ኦሮሞ ግን ድንበሩን ያየው ዘበኛው «ተመለስ» ሲለው ነው። መስኩ የአባቶቹ ነው፤ ግራሩ የከብቱ ጥላ ነው፤ ጨዋማው ውሃና አፈር ለከብት መድኃኒት ስለሆነ ሆራ ማውረድ የኖረበት ልማድ ነው። በጊዜው ቁጭ ብሎ ያማከረው ሰው ስለመኖሩ እንጠራጠራለን። የጥበቃው ወገን ትልቁ ጉድለት ይኸ ይመስለናል። ሰው ያልመከረበትን ነገር በኋላ አይጠብቅልህም።

ከዚያም በ1980ዎቹ በአብያታ ዳር የሶዳ አሽ ፋብሪካ መጣ። ሶዳ አሽ ምንድን ነው? ነጭ ዱቄት የሚመስል ቅመም ነው። ጠርሙስና የመስኮት መስታወት ያለሱ አይቀልጡም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሱ ደግሞ ለሳሙና መሥሪያ የሚሆነው ኮስቲክ ሶዳ ይወጣል። ቆዳ ፋብሪካና ጨርቃ ጨርቅም ይፈልጉታል። ይህ ቅመም በውጭ ምንዛሪ ከሚገዛ፣ ደጃችን ካለው ሐይቅ ቢወጣ ምን ክፋት አለው? የልማቱ ወገን ጥያቄ ይህ ነበር። ጥያቄው እኮ ተራ ጥያቄ አይደለም። ለሠራተኛው እንጀራ ነው፤ ለአገርም የሚተርፍ ዶላር ነው።

አሠራሩም ቀላል ነው። የሐይቁ ውሃ በሞተር ተስቦ ሰፋፊ ሜዳ በሚመስሉ ጥልቀት የለሽ ኩሬዎች ላይ ይለቀቃል። ፀሐይ ውሃውን ታተናለች። ሶዳው እንደ ጨው ረግቶ ይቀራል። ያ ተዝቆ ፋብሪካ ይገባና በእሳት ይቃጠላል፤ ሶዳ አሽ ይሆናል። ማገዶው በአብዛኛው ፀሐይ ስለሆነ ወጪው ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ያ ሁሉ የተነነ ውሃ ከትሪው ላይ የተቀዳ ነው።

ክርክሩ የተፋፋመው ከዚህ በኋላ ነው። የአእዋፍና የአራዊት ተቆርቋሪዎች «በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ፋብሪካ እንዴት ይተከላል?» ብለው ተነሡ። ትክክል ናቸው፤ ፓርክ ማለት ትርጉም ካለው እንዲህ መደረግ አልነበረበትም። ነገር ግን ሁሉም ጣቱን ወደ ፋብሪካው ሲቀስር ከኋላ ሌላ ነገር ተረሳ። እሱም የላይኛው ውሃ ነው።

በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያና በቡልቡላ ዳር እርሻ ከዓመት ወደ ዓመት ሰፋ። በመጀመሪያ ትላልቅ የመንግሥት እርሻዎች ነበሩ። በኋላ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ በትንንሽ ሞተር ውሃ መሳብ ጀመረ። በ2000ዎቹ ደግሞ ለአውሮፓ ገበያ ጽጌረዳ የሚያመርቱ ሰፋፊ የአበባ እርሻዎች ተጨመሩ። ከመቂና ከካታር ወንዞችም እንደዚሁ ውሃ ይጠለፋል። ፋብሪካው ሕንፃ ስላለው ይታያል። አንዲት የሽንኩርት ማሳ ላይ የምታጓራ ሞተር ግን የማንንም ዓይን አትስብም። ባለቤቷም «የኔ ትንሽ ናት፣ ሐይቁን ምን ታደርገዋለች?» ቢል አይፈረድበትም፤ ለብቻዋ ምንም አታደርገውም። ብዙዎቹ ሲደመሩ ግን ዝዋይ የሚተርፈው ያንሳል። ዝዋይ ካልተረፈው ቡልቡላ ይቀጥናል። ቡልቡላ ሲቀጥን ዕዳውን የሚከፍለው መጨረሻ ላይ የተቀመጠው አብያታ ነው። ከሱ በታች የሚያስተላልፍበት ጎረቤት የለውም።

ውጤቱም ታየ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአብያታ ስፋት ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። በ2000ዎቹ ግማሹ ያህል እንኳ መሆን አቃተው። ድሮ ውሃ የነበረበት ቦታ ነጭ አቧራ የሚነሣበት ሜዳ ሆነ። ውሃው እየመረረ ሲሄድ ቆሮሶው መኖር አልቻለም፤ አለቀ። ፍላሚንጎው ዓሣ ስለማይበላ መምጣቱን አልተወም። እሱን ያየ ጎብኚ ሐይቁ ደህና ነው ብሎ ሊሄድ ይችላል። ፔሊካኑ ግን ማዕድ ቤቱ ተዘጋበት። ዓሣ ፍለጋ ከሻላ ተነሥቶ ከአብያታ በብዙ እጥፍ ወደሚርቀው ዝዋይ መብረር ግድ ሆነበት። ወላጅ ሩቅ ሲውል ጫጩት ይራባል። በደሴቲቱ ላይ የሚፈለፈለውም ጫጩት ተመናመነ።

በየብሱ በኩል ያለውም ነገር አያስደስትም። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ፓርኮች ጠባቂ አጡ፣ አንዱም ይኸው ነበር። ብዙ ሰው ገብቶ ሰፈረ። ግራሩ እየተቆረጠ ከሰል ሆነ፣ ከሰሉም በአስፋልቱ ዳር በማዳበሪያ ተሞልቶ ተሸጠ። የቤት መሥሪያ አሸዋና ለከብት የሚሆነው ጨዋማ አፈር በመኪና እየተጫኑ ወጡ። ሰጎን፣ ሚዳቋና ከርከሮ በብዛት የሚታዩት በፓርኩ በር አጠገብ በታጠረች ቁራጭ መሬት ላይ ብቻ ሆነ። የሚቆርጠውን ሰው እንኮንነው? ከተማው ከሰል ይገዛል፤ ሰውየው ልጆቹን ያበላል። ከሰሉን እየገዛን ሻጩን ብቻ «የደን ጠላት» ማለቱ የሚያስኬድ አይመስለንም።

እንዲህ ያለ ክርክር የገጠመን እኛ ብቻ አይደለንም። የስምጥ ሸለቆው ወደ ደቡብ ስለሚቀጥል የሶዳ ሐይቆቹም አብረውት ይቀጥላሉ። በኬንያ የማጋዲ ሐይቅ ሶዳ ማውጣት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ አልፎ ታንዛኒያ ውስጥ ናትሮን የሚባል ሐይቅ አለ። የምሥራቅ አፍሪካ ትንሹ ፍላሚንጎ ዘወትር የሚፈለፈልበት ዋናው ቦታ እሱ ነው። በ2006 ገደማ በዚያ ሐይቅ ላይ በዓመት 500,000 ቶን ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቆም ዕቅድ ወጣ። የወፍ ተቆርቋሪዎች ከልዩ ልዩ አገሮች ተነሥተው ተቃወሙ። በ2008 ኩባንያው ከዕቅዱ ወጣ። በናትሮን ክርክሩ የተካሄደው ከሥራው በፊት ነው። በአብያታ ግን ሞተሩ ከተተከለ በኋላ ነው የተከራከርነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የተሠራን ፋብሪካ ዝጋ ማለት፣ ሠራተኛውን ቤትህ ግባ ማለት ነው፤ ያልተሠራውን ግን ሌላ ቦታ ፈልግለት ማለት ይቻላል።

በአገራችን በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ትላልቅ የልማት ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት በአካባቢ ላይ የሚያመጡት ጉዳት እንዲጠና ያዛል። በአካባቢው ያለው ሕዝብም አስተያየት እንዲሰጥበት ይላል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚያየው አንድን ሥራ ለብቻው ነው። አንዱ እርሻ ለብቻው ሲጠና «ጉዳቱ አነስተኛ ነው» ይባላል፤ ቀጣዩም እንዲሁ ይባላል። የመቶውን ድምር የሚያይ ዓይን ከሌለ እያንዳንዱ ወረቀት ትክክል ሆኖ ሐይቁ ይደርቃል።

እኛ እንደሚመስለን መለካት ያለበት ቡልቡላ ነው። ከዝዋይ በዓመት ስንት ውሃ ይቀዳ ከማለት በፊት፣ ለአብያታ ስንት ይውረድለት ተብሎ ይወሰን። ያ ድርሻ በበጋም ቢሆን አይነካ። የተረፈውን እርሻው፣ ከተማውና ፋብሪካው ይካፈሉት። ይህ ማለት ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት አንዳንዱ የሽንኩርት ማሳ ጦም ያድራል ማለት ነው፤ ባለ ማሳውም ካሣ ሊጠይቅ ነው። አበባ ላኪውም ይቆጣል። ስለዚህ ይህን ውሳኔ ለመወሰን ደፍሮ የሚቀመጥ ሰው ቀላል ሥራ አይጠብቀውም።

የቡልቡላ ወንዝ ከዋናው መንገድ ሩቅ አይደለም። በስሙ የምትጠራው ከተማ አስፋልቱ ላይ ናት። በበጋ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ወንዙን ጎራ ብሎ ቢያይ፣ በዚያ ዓመት አብያታ ምን እንደሚደርሰው በዓይኑ ሊገምት ይችላል።