ቆዳው ቅጠል እስኪሆን፦ ስለ ብራና ሠሪዎችና ስለ ጸሐፍት የእጅ ዕውቀት



የዛሬው ንግግሬ ስለ ብራና መጻሕፍት ነው፤ ሆኖም በውስጣቸው ስለሚነበበው ነገር ብዙ አልናገርም። ስለ ድርሰቱ፣ ስለ ትርጓሜውና ስለ ቋንቋው የሚናገሩ ሊቃውንት በዚህ አዳራሽ ሞልተዋል። እኔ የማነሣው ከፊደሉ በታች ስላለው ቆዳና ቆዳውን ቅጠል ስላደረገው እጅ ነው፤ እንዲሁም ባለሙያው በሩን ከፍቶ ሥራውን ሲያሳየን እኛ ምን ይዘን እንደምንወጣ፣ ለእርሱስ ምን ትተንለት እንደምንሄድ እጠይቃለሁ።

ብራና የሚሆነው ቆዳ በብዛት የፍየል ነው። የበግ ቆዳ ስብ ስለሚበዛበት ለመጽሐፍ እምብዛም አይመረጥም። ቆዳው ፀጉሩን እንደያዘ ለጥቂት ቀናት ውኃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ጠርዙ ዙሪያውን እየተበሳ በአራት ማዕዘን የእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይታሠራል፤ እንደ ከበሮም ይወጠራል። በቅድሚያ የሥጋው ወገን በስለት ይፋቃል፣ በሻካራ ድንጋይም ይታሻል። ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ ተገልብጦ ፀጉሩ መጥረቢያ በሚመስል አነስተኛ ብረት ይላጫል። በአውሮፓ የብራና አሠራር ቆዳው በኖራ ውኃ ተነክሮ ፀጉሩ ይላቀቅ ነበር። በእኛ በተለመደው አሠራር ግን ኖራ የለም፤ ሥራው ሁሉ የስለትና የክንድ ነው።

ይህን ሦስት መስመር ማንም በመጽሐፍ ሊያገኘው ይችላል። የታሪክ ሊቁ ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት አነስተኛ መጽሐፍ የኢትዮጵያን የመጽሐፍ አሠራር በዝርዝር ጽፈውታል። በመጽሐፍ የማይገኘውን የሰማሁት ጎንደር አካባቢ አንድ መሪጌታ ሲሠሩ ተቀምጬ በተመለከትሁበት ጊዜ ነው። ቆዳው የሚበቃውን ያህል መሳሳቱን በምን እንደሚያውቁ ጠየቅኋቸው። በዐይናቸው አስቀድሞም በጆሯቸው እንደሆነ ነገሩኝ፤ ወፍራሙ ቦታ ሲፋቅ ድምፁ የታፈነ ነው፣ እየሳሳ ሲሄድ ይጠራል፣ ከዚያ አልፎ ከተፋቀ ይቀደዳል። እኔ የያዝሁት መሣሪያ የውፍረት መለኪያ ነበር። መለኪያው ቆዳው ከተጠናቀቀ በኋላ ትክክለኛ ቁጥር ይሰጣል፤ በሥራው መካከል መቼ እጅን ማቆም እንደሚገባ ግን ምንም አይናገርም።

ይህን ያነሣሁት የእጅ ዕውቀት ምሥጢራዊ ነገር ነው ለማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምለው። ከሠሪው አጠገብ ተቀምጦ የጠየቀ ሰው፣ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተዘጋ የሚመስል ነገር ሊገለጥለት ይችላል። ለምሳሌ በብዙ ቅጠሎች ላይ የምናየውን ቀዳዳ እንውሰድ። ቀዳዳው ሞላላ ወይም ክብ ከሆነ፣ ጉዳቱ ቆዳው ሳይወጠር የደረሰ ነው ማለት ይቻላል፤ ሲገፈፍ ቢላዋ ነክቶት ወይም እንስሳው በሕይወት ሳለ ተነድፎ ይሆናል፤ መወጠሩ ትንሿን ጭረት ከፍቷታል። ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ ብራናው ከደረቀ በኋላ የመጣ ነው። ጸሐፊው ቃሉን ከቀዳዳው ወዲህና ወዲያ ከፍሎ ከጻፈ ቀዳዳው ከጽሕፈቱ ይቀድማል። የጎደለ ፊደል ሲገጥመን ግን ጉዳቱ በኋላ የመጣ ስለሆነ ንባቡን የመመለስ ሥራ ይጠብቀናል። እንግዲህ ይህ የጽሑፍ ጥናት ጉዳይ ነው፤ መፍትሔው ያለው ግን ከመወጠሪያው ዘንድ ነው።

ወደ ጽሕፈቱ ስንመጣ፣ ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ቅጠሉን በወስፌ ይወጋል፤ ነጥቦቹን እየተከተለም ደነዝ በሆነ ጫፍ ያሠምራል። ያለ ቀለም የተሠመረ መስመር ስለሆነ የሚታየው በጥላው ነው፤ ቅጠሉን ወደ መስኮት አዘንበል አድርጋችሁ ካልያዛችሁት አታገኙትም። ብዕሩ ከሸምበቆ ወይም ከመቃ ይቀረጻል። ጠረጴዛ የለም፤ ጸሐፊው ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ያኖራል፣ ቀለም የያዙት ቀንዶችም አጠገቡ መሬት ላይ ይተከላሉ። ጥቁሩ ለንባቡ ነው፤ ቀዩ ለመነሻዎችና ለቅዱሳት ስሞች።

ጥቁሩ ቀለም በዋናነት ከጥላሸትና ከተቆላ እህል፣ ከማጣበቂያ ጋር ተዋሕዶ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የሚዘጋጅ ነው። በአውሮፓ የተለመደው የብረት ቀለም ከጊዜ ብዛት ብራናውን ሊበላ ይችላል። የጥላሸት ቀለም ግን አይበላም፤ ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ከላይ ስለሚቀመጥ እርጥበት ሲያገኘው ይታጠባል፣ ሲታሽም ይረግፋል። መጻሕፍቱን ለሚጠብቅ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የእንዳ አባ ገሪማ ወንጌሎች በራዲዮካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ተመድበዋል፤ እስከ ዛሬ መነበባቸው የቀለሙ፣ የቆዳውና የጠባቂዎቹ የጋራ ውጤት ነው።

ስለ አጠራረዙ፣ ስለ እንጨቱ ገበታ፣ ስለ ድጉሱና ስለ ማኅደሩ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ስለ ወጪው ግን አንድ ስሌት ልተውላችሁ። መጽሐፉ ትልቅ ሆኖ ከአንድ ቆዳ አንድ ጥንድ ቅጠል ብቻ የሚወጣ ቢሆን፣ 200 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 100 ፍየል ይፈልጋል። አንድ ደብር ትልቅ መጽሐፍ አስጻፈ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

አሁን ወደሚከብደኝ ጉዳይ ልለፍ። ሥራውን የሚያሳየን ሰው ሁሉን ያሳየናል ወይ? አያሳይም፤ የማሳየት ግዴታም የለበትም። ፍቀቱን፣ ማሠመሩን፣ ሐረግ መሳሉን በልግስና የሚያሳይ ጸሐፊ የቀለሙን መጠን ሲጠየቅ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ንፉግነት ይሉታል። እኔ አልስማማም። ቀለሙ እንጀራው ነው። እኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀርጸን የምንሄደው ነገር ለእርሱ የዓመታት የደቀ መዝሙርነት ዋጋ ነው። በጽሑፋችን መጨረሻ ላይ «አንድ መረጃ ሰጪ» ተብሎ ሲጠቀስ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የምንጠቅሰው ደራሲ ቢሆን ስሙን እንጽፍ ነበር።

ይህ አጠራር ሥር አለው። ቆዳ የሚፍቀውን «ፋቂ»፣ ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ» እያልን የሥራ ስምን ስድብ አድርገን ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ዐዋጅ ማውጣት ያስፈለገው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ ቢገኝ ነው! ጸሐፊው በቤተ ክህነት ትምህርቱ ምክንያት ከዚህ ንቀት በአብዛኛው ተርፏል። ነገር ግን በአንድ ሰው ውስጥ እንኳ ጽሕፈቱን አክብረን ፍቀቱን ዝቅ እናደርጋለን፤ ሁለቱንም የሚሠራው ያው እጅ ቢሆንም።

ጉዳዩ የሚያስቸኩል የሆነው ገዢው ስለተለወጠ ነው። የታተመ መጽሐፍ ርካሽ ነው፤ በእጅ የተጻፈ የሚያስጽፍ ደብር ጥቂት ነው። የቀረው ገበያ የጎብኚው ነው፤ ጎብኚው ደግሞ አሮጌ የሚመስል ነገር ይወዳል። ስለዚህ ጥሩ ቁም ጽሕፈት የሚችል ሰው አዲስ ብራና በጭስ እያጠቆረ ሲሸጥ እናያለን። በእርሱ ለመፍረድ አልቸኩልም። ግን የሚጠፋው ምን እንደሆነ ልብ በሉ፦ ለጎብኚ የሚሠራ ቅጠል ጥቂት መስመርና አንድ ሥዕል ይበቃዋል፣ እንዲነበብም አይጠበቅበትም። መቶ ቅጠል በአንድ ውፍረት ማውጣት የሚችል እጅ በዚህ ሥራ አይሠለጥንም።

ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ታላቅ ሥራ ነው። ፊልሙ ንባቡን አድኗል፤ የቆዳውን ወገን፣ የወስፌውን ነጥብና የስፌቱን ክር ግን ለማሳየት አልተሠራም። ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ያቀረብሁት ሐሳብ ትንሽ ነው። ተማሪዎቻችን መጻሕፍትን በሚመዘግቡበት ቅጽ ላይ ስለ አሠራሩ የሚጠይቁ መስመሮች ይጨመሩ። ባለሙያ ተጋብዞ ሲያስተምር እንደ እንግዳ መምህር ይከፈለው፤ ከፈቀደ በስሙ ይጠቀስ፤ ምን እንደሚቀረጽና ምን እንደማይቀረጽም አስቀድሞ እርሱ ይወስን። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

በፊታችሁ ያሉት ሦስት ቅጠሎች ያልተጻፈባቸው አዲስ ብራናዎች ናቸው። እያነሣችሁ ፀጉር የነበረበትን ወገን በጣታችሁ ፈልጉ፤ አንደኛው ላይ በግልጽ አታገኙትም፣ ምክንያቱን ለመገመት ሞክሩ። ከዚያ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሻገራለን።